ባቲ ላይ የተዘረጋው ጥላችን

የልጄ ልጅ ጀማል አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሯን ነቃቅሎ፣ አልጋና ምድጃ፣ የውሃ በርሜልም ሳይቀር አስገብቶባት፣ እንግዳ እያሳፈረ አገር ሊያሳይባት አስቦ ባለፈው በጋ ከሚሴ ከደጄ አቆማት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው አለኝ፤ እንግዶቹ ወርደው ሲያርፉ ፀሐይ እንዳይመታቸው ከመኪናዋ ጎን ወጥቶ የሚዘረጋ፣ ሲሄዱ ደግሞ የሚጠቀለል ጥላ። ሦስት ዓይነት የሸራ ቁራጭ ጉልበቴ ላይ ደረደረና «አባባ፣ ዕድሜ ልክዎን ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነዎት፤ የቱ ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም አረንጓዴውን አነሳሁና፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የሰም ሽታ፣ የላምባ ሽታ፣ ትንሽም የአቧራ። ጀማል ሳቀብኝ። «አባባ፣ ሸራ እኮ ነው፣ ምን ያሸቱታል? ወጥ መሰለዎት?» አለ። እኔ እያሸተትኩ ሳለሁ እሱ በስልኩ ከውጭ አገር የሚመጣ ግራጫ ጥላ አገኘ፤ ቁልፍ ሲጫኑት በራሱ የሚወጣና የሚገባ ነው አሉ፤ እሱን መረጠና ሄደ። መልካም መርጧል፤ አላህ ይባርክለት። እኔ ግን በኛ ቤት የመኪና ጥላ መምረጥ ስንት ወራት እንደፈጀና ምን እንዳስከተለ ልነግረው ብዬ ሳልነግረው ቀረሁ። የጣት ሥራ እንጂ የአፍ ሥራ አላውቅም፤ ቁጭ ብዬ በዝግታ ብጽፈው ይሻለኛል።

አባቴ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ ከሚሴ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ከበረንዳ በረንዳ የስፌት መኪና ሲንኳኳ ነው የሚውለው፤ ከሰው ይልቅ ሰፊ ይበዛል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ሥራ ያለው ገበያ ላይ ነው። ሰኞ ባቲ፣ ሮብ ጨፋ ሮቢት፤ ባላገሩ እህሉን ሸጦ ጨርቅ ገዝቶ እዚያው አሰፍቶ ለብሶ መግባት ይወዳል፤ ከቆላ የሚወጡት አፋሮችም ሽርጣቸውን አስጠርዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ታዲያ አባቴ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ በጭነት መኪና ላይ ሲንገላታ ከርሞ፣ ገበያ ሲደርስ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ተይዞ ይቆየዋል። የባቲን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል። እዚያ ሰው ጥላ ከሌለው ሰፊ ፊት አይቆምም፤ ልኩን እንኳ እየሮጠ ነው የሚሰጠው።

ሙሄ ሾፌር ነበር። ረጅም፣ ጥርሱ የማይከደን፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ የሚሻገር፣ መሪ ሲይዝ መንዙማ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። እሱና አባቴ ከልጅነታቸው የሚዋደዱ ናቸው፤ ተጋግዘው አንዲት ሎንቺና፣ ያቺ ትንሿን የድሮ አውቶቡስ፣ ከመንገደኛ ሥራ የወጣች አሮጊት ገዙ። የኋላውን ወንበር ነቅለው የጣውላ አልጋ መቱባት፤ የጨርቅ ሣጥን፣ የላምባ ምድጃ፣ የውዱእ ውሃ ማኖሪያ ጀሪካን፣ ለስፌት መኪናው ደግሞ እንዳይንሸራተት ጎድጓዳ መቀመጫ አበጁላት። ሙሄ ይነዳል፣ አባቴ ይሰፋል፤ ዋዜማውን ሄደው በመኪናዋ ያድራሉ፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ሥራ ይጀምራሉ። ሐሳባቸው ይህ ነበር።

አባቴ ጽሕፈት ቤት የሚባል ነገር ይፈራ ስለነበር ሊብሬው በሙሄ ስም ወጣ። እናቴ ሞሚና በዚህ ደስ አላላትም። «የሁለት ሰው መኪና በአንድ ሰው ስም ይባላል እንዴ?» አለች። አባቴም ያን ጊዜ የመጣለትን ነገር አደረገ፤ ለኛ አገር ሰው ከማኅተም ይልቅ የሚከብደውን። እኔን የሙሄ የጡት ልጅ አደረገኝ።

ጡት መጣባት ለማያውቀው እንዲህ ነው፦ ጁምዓ ቀን ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰበሰቡ፣ ሙሄ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነከረና ወደ አፌ አቀረበ፣ እኔም ጠባሁት፤ ፋቲሃ ተቀራ፣ ሁሉም እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ፣ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለተኛ አባቴ ሆነ። በሁለቱ ቤት መካከል ከዚያ ወዲያ ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ሽማግሌ ፊት መቆም የለም፤ ሰው የልጁን አባት አይከስም። አባቴ ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋ ነበር። ሙሄ በዚህ እንደታሰረለት እንጂ እሱም አብሮ መታሰሩን ማናችንም አላሰብነውም።

እኔም ያለ ልክ ወደድኩት። አባቴ ዝምተኛ ነው፣ አፉ ሁልጊዜ መርፌና ክር ይዞ ነው የሚውለው። ሙሄ ግን ገና ከበር «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ!» ይለኛል፣ ና ልጄ ማለቱ ነው፤ አንስቶ መሪው ፊት ያስቀምጠኛል። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ደሴ እህት አለችው፤ አራተኛን ስጨርስ እሷ ዘንድ አስቀምጦ ሊያስተምረኝ፣ በየጊዜው በሎንቺናዋ ሊያመላልሰኝ ቃል ገባልኝ። «አመዴ ዶክተር ይሆናል፣ የኔን ወገብ ደግሞ በነፃ ያክማል» ይል ነበር። እኔም ወገቡን ማከም የጀመርኩ ይመስል ማታ ማታ እረግጥለት ነበር።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ጥላው ቀረ። ሙሄ «ጋዲሳ» አለው፣ በኦሮምኛ ጥላ ማለት ነው፤ ቤቱ ሁሉ ተቀበለውና ስሙ እሱ ሆነ። እንግዲህ ጋዲሳው ምን ይሁን? በዚህ ነገር ቤታችን ፓርላማ ሆኖ ከረመ።

ሙሄ መጀመሪያ የአፋር ሴቶች የሚሠሩትን ሰሌን ይዞ መጣ፤ ቀላልና ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋስም ያሳልፋል። ከግቢያችን ዛፍ ወደ ሎንቺናዋ ጣራ ወጥረነው አባቴ ከሥሩ በቀትር ተቀመጠ። አባቴ ጥላ የሚፈትነው ሌላው ሰው እንደሚፈትነው አይደለም፤ መርፌ ያነሣና ክር ለማስገባት ይሞክራል። በሰሌኑ ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ጨርቁ ላይ ሳንቲም ሳንቲም እያከለ ሲጨፍርበት «ይሄ ዓይኔን ያስደንሰዋል» ብሎ ተነሣ። ቀጥሎ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። አባቴ መርፌውን አነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፣ እንባው ወረደ። «ጥላ ነው ወይስ መስታወት?» አለ። በሦስተኛው ከአንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ላይ የወረደ አረንጓዴ ሸራ ተገኘ፤ ወፍራም፣ ሰም የጠጣ፣ ዝናብ የማይበግረው። ሙሄ ወደደው፤ ነፋስ አያነሣውም፣ ቶሎ ይታጠፋል አለ። አባቴ ግን ከሥሩ ገብቶ ሁለት ክር አነሣና ለእናቴ አሳያት፤ «ሞሚና፣ የቱ ነው ጥቁሩ፣ የቱ ነው ሰማያዊው?» እሷም ብታየው ብታየው ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑባት።

እናቴ ደግሞ የራሷ መለኪያ ነበራት። «ከሥሩ ሁለት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ እግሩ ፀሐይ ላይ ከዋለ እኔ ጥላ አልለውም» አለች። እኔን የጠየቀኝ ባይኖርም፣ ከሥሩ ተኝቼ ኮከብ ካላየሁ አልቀበልም ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር።

መላው የመጣው ከአባቴ ነው። ከላይ አረንጓዴው ሸራ፣ ከሥር ነጩ አቡጀዲ ገበር ይሁን፤ የላዩ ፀሐዩን ይመልሳል፣ የታቹ ብርሃኑን ያጠራል። እጁ በሸራው ጥንካሬ እየደማ ሰፋው። መርፌ ስንት ጊዜ እንደተሰበረ አላህ ያውቃል። ለምሰሶዎቹ መግቢያ እጅጌ አበጀለት፣ እናቴ በጠርዙ ዙሪያ ቀይ ዘርፍ ሰፋችበት፣ ሙሄም ማዕዘኑን ይዞ «ማሻ አላህ፣ ይሄ የሙሽራ ቤት ነው እንጂ የሰፊ አይደለም» እያለ ያደንቃል። በዚያ ግቢ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተሳቀበት ቀን አላስታውስም።

አርብ ዕለት ሙሄ ጋዲሳውን ጠቅልሎ ጣራ ላይ ጫነና ሎንቺናዋን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ፤ ሸራውን የሚይዙትን ብረቶች በጎኗ ላይ ሊያስበይድ። እሁድ ከሰዓት ይመለሳል፣ አሳፍሮን ባቲ እናድራለን፣ እኔም የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬ እሄዳለሁ።

እሁድ አልመጣም። አባቴ የስፌት መኪናውን በር ላይ አውጥቶ፣ እኔ አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጬ መንገድ መንገዱን ስናይ መሸ። «ብየዳው አላለቀ ይሆናል» አለ አባቴ። ሰኞ ገና ሳይነጋ መኪናውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እኔን በእጁ ይዞ በጭነት መኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ አባቴ ቆሞ ነበር የሄደው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ በየገደሉ አፍ አንገቱን እያሰገገ ቁልቁል ያያል። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም፤ ኋላ ሲያልጎመጉም ሰማሁት፤ «ያ ረቢ መኪናዋን ውሰዳት፣ እሱን ተውልኝ» ይላል። ሙሄ የተገለበጠ መስሎት ነው። ይህን አስባለሁ ሁልጊዜ። ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ ሰውየው ነበር የሚለምነው።

ባቲ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል፤ ግመሉ፣ አሞሌው፣ የቅቤው ሽታ፣ ጩኸቱ። ከዚያ ሁሉ ማዶ ቀይ ዘርፍ ያለው አረንጓዴ ጥላ ታየን። አባቴ «አልሐምዱሊላህ! ደህና ነው! አመዴ፣ ደህና ነው እኮ!» ብሎ ያንን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ሮጠ። እኔም ከኋላው እየሳቅሁ ሮጥኩ።

ከሥሩ ስንገባ አንድ የማናውቀው ሰው አዲስ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጧል። ሰው ተሰልፎለታል። ቀና ብሎ አባቴን አየና «ሸሚዝ ነው ሱሪ?» አለው።

አባቴ ነጩን ገበር ወደ ላይ አየ። ሙሄ ከሎንቺናዋ በር ብቅ ሲል ሳቁ እንደ ልማዱ ፊቱ ላይ ነበር፤ እኛን ሲያይ ግን ማድረጊያ አጣለት።

«እንድሪስ፣ መጣህ?»

«አሰላሙ አለይኩም» አለ አባቴ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ስማኝማ ወንድሜ፤ ሰውየው የደሴ ሰው ነው፣ ሁለት የስፌት መኪና አለው፣ ጨርቁንም ራሱ ያመጣል። እኔም ልጆች አሉኝ እኮ። ወላሂ ልነግርህ ነበር። ደሞ ምን ችግር አለ? ጋዲሳው ሰፊ ነው፣ በዚያ በኩል ጥግ ይዘህ ተቀመጥ። ላንተማ አይጠፋም።»

ላንተማ አይጠፋም አለው፤ ራሱ ከሰፋው ጥላ ሥር። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አመዴ» አለኝ፣ ድምፁ ምንም ሳይለወጥ፤ «አባትህን ሳመው።»

ሄጄ የሙሄን እጅ ሳምኩ። ምን ላድርግ? ሙሄ ራሴን ሊዳብስ እጁን አነሣና መሐል ላይ ተወው።

አባቴ ጥጉን አልያዘም። ከወዲያ ማዶ፣ ምንም በሌለበት፣ የስፌት መኪናውን መሬት ላይ አስቀመጠና ከፊቱ ቁጢጥ አለ። ፀሐዩ ብረቱን አግሎት በእጁ መያዝ አልቻለም። ሰው በፊታችን እያለፈ ወደ ጋዲሳው ይገባል። ከቀትር በኋላ ቀደም ሲል አባቴ ዘንድ የሚያሰፋ አንድ አፋር ሽርጡን ይዞ መጣ፤ አባቴንም፣ ማዶውንም አየና በፀሐዩና በአባቴ መካከል ቆሞ ነጠላውን በሁለት እጁ ዘረጋና ስፌቱ እስኪያልቅ እንዲያ እንደቆመ ቀረ። አባቴ ሲጨርስ ቀና ብሎ አላየውም፤ ዓይኑን እንዳያይበት ይመስለኛል።

ነገሩ ሲሰማ የከሚሴ ሽማግሌዎች ተነሡ። ሙሄ ይጠራ፣ ይጠየቅ አሉ። አባቴ ግን «የልጄን አባት አልከስም» አለ። እናቴ ያን ቀን የጮኸችውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል፤ «የምን አባት! ሁለት ዓመት ያጠባሁት እኔ! እሱ ምን አጠባ? ጣቱን ነው ያላሰው!» አባቴ ሊስቅ ሁሉ ቃጣው፤ ግን ከቃሉ አልወጣም። ሙሄ ታስሮ የማያውቅበት ገመድ አባቴን እንደያዘው ቀረ።

የባቲ ገበያችን በዚሁ ቀረ። አባቴ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ሰፊ መካከል፣ ቅዳጅ ሲጥፍ ኖረ። እኔን ደሴ የወሰደኝ የለም። አራተኛን ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቁልፍ መትከል ጀመርኩ፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ከዚያ በረንዳ አልተነሣሁም።

ግን የባሰው ይህ አይደለም። በየዓመቱ ለአረፋ በግ ሲታረድ አባቴ አንዱን ታፋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ «ላባትህ አድርስ» ብሎ ይልከኛል። የጡት ልጅ ደንቡ ነው። እሄዳለሁ። ሙሄ ይቀበለኛል፣ ከረሜላ ይሰጠኛል፣ «እንድሪስ እንዴት ነው?» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን እንደከዳን ሰው አላየውም ነበር፤ በየዓመቱ ስሄድ አንድ ቀን «ተሳስቻለሁ፣ ና ኢልማ ኮ፣ እንመለስ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። እየጠበቅሁ አደግሁ። እየጠበቅሁ ጢም አበቀልኩ። እሱ ደግሞ ዓመት በዓመት ታፋውን እየመዘነ «የዘንድሮው ሰብቷል» ይለኝ ነበር።

ሙሄ በእርጅናው ሲሞት ወንዶች ልጆቹ ርቀው ነበሩና ቀብሩ ውስጥ የወረድኩት እኔ ነኝ። ሬሳውን በክንዴ ተቀብዬ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርኩት። ከመሸፈኑ በፊት ኢማሙ እንደ ወጉ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እሱ ዘንድ የቀረ ሀቅ ያለው ካለ ይናገር፣ ከሌለ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት አለ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ አየ። አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ከአፋፉ ቆሟል። «እኔ አውፍ ብያለሁ» አለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፤ ሕዝቡም ተከትሎት «አውፍ ብለናል» አለ። እኔ ከጉድጓዱ ውስጥ አፈር እጄ ላይ ይዤ ነበር።

ስንመለስ አባቴ በዝግታ ነው የሚሄደው፤ ክንዱን ይዤዋለሁ። «ሁሉንም አውፍ አልከው?» አልኩት።

ቆመ። «እኔ የኔን ነው ያልኩት» አለኝ። «መኪናዋ የኔ ናት፣ ድካሙም የኔ ነው። ያንተን ግን አልነካሁትም። ያንን ቀን እጁን ያሳምኩህ እኔ፣ የሳምከው አንተ ነህ። ያንተ ሀቅ አንተ ዘንድ ናት፣ ልጄ፤ ስትፈልግ ትለዋለህ።»

አባቴም ወደ አኺራ ከሄደ ቆየ። እናቴም። አሁን እኔ ሁለቱም ከነበሩበት ዕድሜ አልፌ፣ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰዉ ሲበተን ትንሽ ቆይቼ ሀቄን እፈልጋታለሁ፤ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ። ትምህርቴ ነው? አይደለም፤ የተማሩትንም አይቻቸዋለሁ፣ ሁላችንም ኖረናል። በረንዳውም አይደለም፤ እንጀራዬን በልቼበታለሁ፣ ልጆች አሳድጌበታለሁ። የጎደለኝ ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው «ና ልጄ» ሲለኝ መጀመሪያ እግሩን አያለሁ፣ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ። ወዳጅ ሲያቅፈኝ ከትከሻው በላይ ማዶውን አያለሁ። ሚስቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ «አንተ ሰው፣ ሙሉ ለሙሉ የምትገባው የት ነው?» ትለኝ ነበር። እንደዚያ ሳላይ፣ ሳልጠራጠር፣ እየሳቅሁ ወደ አንድ ሰው የሮጥኩት የመጨረሻው ቀን ባቲ ላይ ነው።

ሎንቺናዋን ለወሰደው ሾፌር አውፍ ካልኩ ቆይቷል፤ እሱ ልጆች የነበሩት ድሃ ነው። አባቴ ላልኩት ሰው ግን፣ ቃሉ ምላሴ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ገና አላልኩም።